ንባብ የለም

አንዲት ቃል ናት የሳትኩ፣ አንዲት ቃል፣ በሌሊት፣
መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ዓይኔን እንቅልፍ ይዞት፦
«ሰብስብ» ማለት ሲገባኝ «ፍጠር» አልኩት ማሽኑን።
«እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣
ልዋሽ አልችልም፣ ጠይቆኝ ነበር።
«አዎ» ብዬ መታሁ።
አራቱም ዲስኮች እንደ ታዛዥ ወታደር
ትናንትን ጥለው ቆሙ በአዲስ መስመር።

ምን ነበረባቸው? የሐዋሳ ሐይቅ ቁመት፣
ጠዋት ጠዋት የተለካ፣ የሃያ ሁለት ዓመት።
አቶ ላሚሶ ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበት ጠቅልሎ
ከባለቁጥሩ እንጨት ፊት ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣
አባ ኮዳዎቹ ከኋላው እንደ ዳኛ ተኮፍሰው፣
«አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት» ብሎ ይጽፋል፤
በማግስቱ «ከሰማንያ ሦስት»።
ይኸው ነበር ሥራው።
ደብተሮቹንማ «ኮምፒውተር ገብተዋል» ብለን
ለአሞራ ገደል ዓሣ ሻጮች ሰጠን፤
የሐይቁ ቁጥር የሐይቁን ዓሣ ጠቅልሎ
በየሰዉ ቤት ገባ፣ ዘይት አዝሎ።

ነገሩ ዕድር ነው። ቁጥሩ ተቆራርሶ
በአራቱ ደረት ላይ ያድራል፤
አንዱ ቢሞት ድርሻውን ሦስቱ ይሸፍኑለታል።
ግን ማን ከማን ቀጥሎ እንደቆመ ከጠፋ፣
አራቱም በሕይወት ሳሉ ድንኳኑ ይፈርሳል።

ከመቶ ሦስት እጁን ሲጽፍበት ነቃሁ፤
ገመዱን ከግድግዳው እንደ እሾህ ነቀልኩ።
ከዚያ ወዲያ ዋናውን አልነካሁም፤
ላዩ ላይ ስስ ወረቀት እንደሚያነጥፍ ሰው፣
ብሳሳት ስህተቴ ወረቀቱን ብቻ ይቅደደው ብዬ፣
አራት ነገር በስንት ይሰለፋል? በሃያ አራት፣
በእርሳስ ጽፌ፣ እየሞከርኩ፣ እየሰረዝኩ፣
በታቦር ተራራ ላይ ሁለት ጊዜ ነጋ።
ሃያ አራቱም አለቁ።
አንዱም አልተናገረም።

በሦስተኛው ሌሊት ማሽኑን ገለበጥኩት።
ከሥሩ፣ አቧራ በበላው ፕላስተር ላይ፣
ከእኔ በፊት የነበረችው የአመለወርቅ እጅ ጽሕፈት፦
«ቁራሹ 64»።
ለካ እኔ ዳቦውን በአምስት መቶ አሥራ ሁለት ስገምሰው፣
እሷ ለሕፃን እንደሚቆረስ ነበር የቆረሰችው።
ሰልፉን ከአንድ ጀመርኩ። በአሥራ ሰባተኛው
ዲስኩ ጉሮሮውን ጠረገ።

ለማንበብ ብቻ ከፈትኩት፣ እጄን ወደ ኋላ አስሬ።
መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ቁጥር አልነበረም፦
«ዛሬ ጉማሬ እንጨቱን ተደግፎ ተኝቷል።
ጠበቅሁት። አልሄደም።
ንባብ የለም።
ላሚሶ።»
ሳቅሁ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ብቻዬን፣
ዘበኛው ዳንሳ በመስኮት አንገቱን አስግጎ እስኪያየኝ።

ሦስት እጁ ግን ቀረ። ስምንት ወር ያህል ሐይቅ።
«ከፊትና ከኋላው አይተህ በአማካይ ሙላው፣
ማን ያውቃል?» አለችኝ አለቃዬ ጥሩዓለም።
ክፋት የላትም፤ ሪፖርቱ ለዓርብ ነው።
ላሚሶ ቤት ሄድኩ። በዓይኑ ሞራ አሻግሮ አየኝና
«ልጄ፣ እኔ ሐይቁን እንጂ ቁጥሩን መች ያዝኩት?» አለ።
ከዚያ ስለ ዓሣ ዋጋ አወራን።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።
አማካዩን ማስላት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣
ጣቴም ያውቀዋል፤ «አዎ» ማለት ለምዷል።
ከባዶው ስምንት ወር አጠገብ እንዲህ ጻፍኩ፦
«እዚህ ላይ እንጨቱን የተደገፈው ጉማሬ አይደለም።
እኔ ነኝ።
ንባብ የለም።
ተካልኝ።»