የሚመለስበት ቀን

አንድ ነበር መጽሐፉ፤ ጀርባው በሲባጎ የተሰፋ፣
ከመደርደሪያዬ ወርዶ ባንድ ሰዓት ውሰት የሚጠፋ።
ስልሳ ተማሪ ላንድ ቅጂ፣ መታወቂያ እያስያዘ፣
በደብረ ማርቆስ ብርድ ተሰልፎ እየፈዘዘ፤
እኔ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ማኅተሜን ጨብጬ፣
«የሚመለስበት ቀን» እያልሁ፣ ሰዓት ላይ አፍጥጬ።

ታዲያ ባንዱ የፈተና ዋዜማ
ምላጭ ገብቶ፣ ሳይሰማ፣
ስድስት ገጽ ወሰደ። ይርጋ የሚለውን ምዕራፍ።
ቀሪው እንዳለ ቆመ፣ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ።
ከዚያ ወዲህ ሦስት ዙር ከዚህ ግቢ ተመረቀ፣
ይርጋን በወሬ ያወቀ።
የቆረጠው ልጅ አልተገኘም። ዛሬ ምናልባት ካባ ደርቦ
ይሰየማል ካንዱ ወረዳ፣ መዝገብ ከፊቱ ቀርቦ።

ባምናው ክረምት አንድ ሰው ከዋናው ግቢ መጣ፤
ጣት የምታክል ፍላሽ ከኪሱ አወጣ።
«አራት ሺህ መጽሐፍ ነው» አለ፣
መደርደሪያዬን በክርኑ ደገፍ እያለ።
የሰበር ውሳኔ ቅጽ በቅጽ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከነአባሪው፣
«ማንም ያንብበው» ብሎ ደጁን ክፍት የተወው ጸሐፊው።
የውል ሕጉም አለ፤ ስድስቱ ገጽ ሳይጓደል፣
ስልሳው ባንድ ጊዜ ቢገልጠው ጀርባው አይበደል።
ጠርዙ ላይ ግን «ይቺ ትመጣለች!» ብሎ የጻፈ የለም በእርሳስ፤
የሻይ ክብ የለ፣ የታጠፈ ጥግ የለ፣ በምራቅ ጣት የሚርስ።

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ግን ሰልፉ ሲጠፋ
ወንበሬ ሰፋ።
ልጆቹ ከየመኝታቸው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ያነባሉ፤
የጮቄ ንፋስ መስኮት ሲመታ፣
«አንጓች፣ ኔትወርኩ ሞቷል» ለማለት ብቻ ይመጣሉ።
ማኅተሜ ከነቀለሙ ደረቀ። መታወቂያ የሚያስይዝ የለ።
«ቁልፍ የሌለው ቤት ዘበኛ ምን ይሠራል?» እያለ
ልቤ ይሞግተኝ ነበር፣ እንደ ጥንት ተሟጋች፣
«በይ ልበልሽ» እያለኝ፣ «ተጠየቂ፣ አንጓች!»

በኅዳር፣ ከአነደድ በኩል፣ አጨዳዋን ጥላ
መጣች ወይዘሮ ትሁኔ፣ የክስ ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ።
ግማሽ ጥማድ መሬት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንድምየው ያረሰው።
«ዘግይተሻል፣ ይርጋ አለው» ብሎ መለሳት፣ ያየላት ሰው ሁሉ ያው።
ጥበቃው ከበር አቆማት፤ «ተማሪ አይደለሽም።»
ሕጉ ነው። ሰውየው አልዋሸም።

መብራት የጠፋ ቀን ነበር። ኮምፒውተሮቹ ጨልመው፣
አራት ሺው መጽሐፍ ትንፋሽ የለው።
እንየው ግን፣ የአራተኛ ዓመቱ፣ ስልኩ የተሰነጠቀ፣
ሌሊት ጭኖት ነበርና ደረጃውን ባንድ ትንፋሽ ዘለቀ።
ወጣ መጽሐፉ በኪሱ፤
ጥበቃው ቢፈትሽ የማይጨበጥ እሱ፤
ሳይፈረም፣ ሳይመዘገብ፣ አጥሩ ሥር ተቀመጠ፣
ለማታነብ ሴት፣ ባሥራ አንድ በመቶ ባትሪ ተገለጠ።

ሰማች። «ድገመው» አለች። ደገመ። የመዝገቡን ቁጥር
እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘች፣ በጣቷ አንጓ ስትቆጥር።
ከዚያ መቀነቷን ፈታች። «ስንት ነው?» «ነጻ ነው።» ዝም አለች።
«ነጻ ነገር ችሎት ፊት ይቆማል ወይ?» ብላ ጠየቀች።
«ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው፤ ዳኛው ምኑን ይመን?»

መብራት መጣ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን።
ዘጠኝ ገጽ ከማተሚያው ወጣ። ገና እንደሞቀ
ማኅተሜን ከመሳቢያ ሳብሁ፤ ምራቄን ጠብ አደረግሁበት፣ ቀለሙ ስለደረቀ።
አውቃለሁ፣ ለዳኛ ምንም አይደለም፤ የውሰት ማኅተም ነው።
እሷ ግን ቀለሙ እስኪጠጣ እፍ አለችው፣ ደግማ እፍ አለችው።

«የሚመለስበት ቀን» ይላል፤ ከሥሩ ባዶ መስመር።
ብዕር አነሳሁ፣ ልምድ ነው፤ አሥራ አራት ቀን ልደምር።
ተውሁት።
ባዶውን ይዛ ሄደች። ቀጠሮዋ ለታኅሣሥ ነበር፤
ፍርዱን እስካሁን አልሰማሁት።