በኅዳግ የተጻፈ

ይህ የአጥቢያ መዝገብ ሠላሳ ዓመት አየ፤
ቀለሙ ደብዝዞ ስህተቴ ግን ቆየ።

ሥራዬ ይህ ነበር፦ በረዶው ሲጠና
ፈረሴን ጭኜ እወጣለሁ ለፈተና።
የቤቱን ልጅ ሁሉ አስቀምጬ ከፊቴ
ፊደል አስነብባለሁ፤ ይህ ነበር አባትነቴ።
«ያነባል»፣ «አያነብም»፤ «ያውቃል»፣ «ገና ነው»፤
በአይስላንድ ምድር የልጅ ዕጣ ፈንታ
በቄስ ብዕር ጫፍ ነው።
ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሥጋ ወደሙ አይደርሰው፤
ያልቆረበም ትዳር የለው፣ አይቆጠር ከሰው።

የኦርኑልፉር ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤
ጣሪያው ሣር ያበቅላል፣ ግድግዳው አፈር ነው።
ስድስት ልጅ፣ አንዲት ላም፣ የዓሣ ዘይት ኩራዝ፣
አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ ያለቀ ከጠርዝ።

ኦድኒ ትባላለች አራተኛዋ ልጅ፤
አሥራ አራት ሞልቷት፣ ሱፍ ስትፈትል በእጅ
ጠራኋት። «አንብቢ» ብዬ መጽሐፉን ዘረጋሁ፤
አንገቷን አዘንብላ ዝም አለች። ጠበቅሁ።
ጣቷ ፊደሉ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፤
አንድ ቃል ከከንፈሯ ደርሶ እዚያው ፈረሰ።

አባቷ ከጥግ፣ መረብ እየጠገነ፣
«ጌታዬ፣ ታነባለች፤ ማታ ማታ ታነብልናለች» አለ።
ፈገግ አልኩ፤ ለልጁ የማይዋሽ አባት የት አለ?
ስንቱን አይቻለሁ፦ በቃሉ ሸምድዶ፣
ዓይኑ ጣሪያ እያየ ምዕራፉን ወርዶ
«አነበብኩ» የሚል። ብዕሬን ነከርኩ፤
ከስሟ ትይዩ «አታነብም» አልኩ።

ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት።

የደረቀ ዓሣ በቅቤ አቀረቡ፤ በላሁ፤ ባረክሁ።
በጸደይ፣ እኩዮቿ ተሰልፈው ሲቆርቡ፣
እሷ ፈረስ ጠበቀች፣ ሌሎች ደጁን አልፈው ሲገቡ።
አላየሁም ልበል? አይቻለሁ።

በዓመቱ ስመለስ ወንዙ ሞልቶ አገደኝ፤
ኦርኑልፉር ፈረሴን አስሮ አሳደረኝ።
ከራት በኋላ ኩራዙን ለኮሱ፤
ሥራ በእጅ ይዘው አልጋው ላይ ፈሰሱ።
አባት መጽሐፉን ዘረጋ በጉልበቱ፤
ግሪሙር፣ ትልቁ ልጅ፣ ከጎኑ፣ ወደ ብርሃን ፊቱ።
ኦድኒ ግን ከመሬት፣ ከኩራዙ ማዶ፣
እንዝርቷን ታሾራለች፣ ዓይኗ ገጹ ላይ ወርዶ።

ወንድሟ ሲደናቀፍ ከረጅም ቃል ላይ
ከማዶ አቀበለችው፣ ቀና ሳትል ወደ ላይ።
ከዚያ ሌላ ቃል። ከዚያ ሌላ።

ከኮሮጆዬ አወጣሁ፣ በዚያ ቤት ማንም ያላየውን፣
ገና የማተሚያ ሽታው ያልለቀቀውን የስብከት መጽሐፍ።
ተቀበለች።
አየችኝ።
አፈረች።
ቀስ ብላ ዘቀዘቀችው፤
ከዚያም እንደ ወንዝ፣ ያለ አንድ እንቅፋት፣ ወረደች።

አንድ መጽሐፍ ለስድስት! ቦታው ሲከፋፈል
ለእሷ የደረሳት ማዶው ነው፤ ከዚያ ሆና ፊደል
በአናቱ ቆሞ አየችው፤ እንዲያው ተማረችው።
እኔ በፊቷ ያቃናሁት መጽሐፍ
ለእሷ የተገለበጠ ነበር። አቅንቼ ጣልኳት።

እግዚአብሔርን በኮርቻ ጭኜ የማመጣላቸው መስሎኝ ነበር፤
ለካ ቀድሞኝ ገብቶ ከኩራዙ ሥር ይማር ያስተምር ነበር።
ኮፐንሃገን ሰባት ዓመት ግሪክ ዕብራይስጥ ቆጥሬ፣
ወንጌሉን በቀና በኩል ብቻ ይዤ ኖሬ፣
«ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ» ብዬ ስንቴ ሰብኬ፣
ቃሉ ራሱ ተገልብጦ እንደሚነበብ
ሱፍ ከምትፈትል ልጅ ሰማሁ፣ ከመሬት ተንበርክኬ።

በማግስቱ መዝገቡን ከፈትኩ። ያንን መስመር አልፋቅሁትም፤
ስህተትን ፍቆ መሄድ ከልጆች ፊት አያምርም።
ከጎኑ፣ በኅዳጉ፣ ፊደሉን ገልብጬ
«ታነባለች» ብዬ ጻፍኩ፣ ከእሷው ማዶ ተቀምጬ።
ከእኔ ወዲያ የሚመጣው ቄስ፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣
ያን ቃል ማንበብ ቢሻ
መዝገቡን ያዙረው።