የአያት ስም

ደብረ ብርሃን ከተማ፣ የጠባሴ መንገድ ዳር፣
መስታወት ላብ ለብሶ፣ ውርጭ በጸና ኅዳር፣
መስኮት ሦስት ላይ አለሁ፤ ሒሳብ እከፍታለሁ፣
የጓንቴን ጣት ቆርጬ ቅጹን አስሞላለሁ።

ሰውዬው መጣ፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ክር ቀለም የሚነክር፣
ሦስት ሹራብ ደርቦ ጥርሱ የሚከራከር።
ሙሩጌሳን ይላል ፓስፖርቱ ላይ ስሙ፤
ሦስቴ ደገመልኝ፣ ሳይመረው መድገሙ።

«የቱ ይሻለኛል?» አለኝ በእንግሊዝኛ፣
ለእሱም ውሰት፣ ለእኔም ውሰት በሆነ መገናኛ።

ቁጠባ አለ፣ ወለዱ ቀስ ብሎ የሚወለድ፤
ተንቀሳቃሽ አለ፣ በቼክ የሚነጉድ፤
ከወለድ ነፃ አለ፣ ለሰው እንደ እምነቱ፤
የደመወዝም አለ፣ በገባ በሦስተኛው ቀን የሚራቆት ቤቱ፤
የዶላርም አለ፤ ሲገቡበት ሜዳ፣
ሲወጡበት ጠባብ፣ የመርፌ ቀዳዳ።

«ለእናቴ በየወሩ የምልክበትስ?»
ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ይህ በራሪ ወረቀቱ ላይ የለም።
«ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ፊርማ፣ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ደብዳቤ፤
መቼ እንደሚመለስ አላውቅም፣ እውነቴን ነው ከልቤ።»
«እሺ» አለ በአማርኛ፣ በአራት ቀን ያጠናት፤
በዚህ አገር ለመኖር የመንገዱ ግማሽ ናት።
«በእጄ የምይዘው ደብተር ያለው የቱ ነው?»
ቁጠባው።
«እንግዲያው እሱን።»

ቅጹን ጀመርን። ስም። የአባት ስም፣ ሻንሙጋም።
እነሱም እንደ እኛ ናቸው፤ ሰው አባቱን ይዞ ነው የሚሄደው፣
በአንዲት ፊደል ጠቅልሎ፣ ከራሱ ስም ፊት አስቀድሞ የሚወስደው።
«የአያት ስም?» አልኩት።
እስክሪብቶው ቆመ።
«የአያት?»
ሲስተሙ ባዶ ቦታ አይቀበልም፣
ቀይ ያበራል፤ አያት የሌለው ሰው አያውቅም።

ከኋላው ሰልፉ ረዘመ፣ ማጉረምረም ተሰማ፤
እሱ ስልኩን አወጣ፣ እናቱን ሊጠራ ከሩቅ ከተማ።
የሴትዮዋ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ባንኩን ሞላው፤
አንድ ነገር ጠየቀችው፣ ሳቅ አሸነፈው፣ ቃል አጣላው።
ቆይቶ ተረጎመልኝ፦
«‹አማቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣
ምነው በሰው አገር ዕዳ ተገኘባቸው?› ትላለች።»
ለሰልፉ ነገርኩት። ሰልፉ ሳቀ። አቶ ወንድይፍራው፣
የበግ ነጋዴው፣ «ጠይቁልኝ እስቲ፣ ስንት ነበር ዕዳው?»

«ፓላኒቬል» አለች በመጨረሻ።
በ‹ቬ› ጻፍኩት፤ እሷም ከገበታው ጥግ የቆመች፣
ፊደል ሁሉ ከተቀመጠ ወዲህ የመጣች።
ሲስተሙ አረንጓዴ ሆነ።
ከተራራችን በታች ያለ አንድም አገር ያላየ ሽማግሌ... አይ፣
ተራራችንን እንኳ ያላየ፣
ደብረ ብርሃን ገባ።

«የቆይታ ጊዜ?»
«ሁለት ዓመት።»
አባቴም ከሞላሌ ለአንድ ክረምት ነበር፣
ፋብሪካው ሲቀጥር፣ ሊመለስ ለመኸር።
ሠላሳ ሦስት መኸር እሱ ሳይኖር ታጨደ፤
አሁን ጡረታውን ከእኔው መስኮት ነው የወሰደ፣
ባለፈው ሰኞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ እንደማያውቀኝ ሰው።
ለሙሩጌሳን አልነገርኩትም።
«ሁለት» ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩ ወጣ። ማኅተሙ ግን ደርቋል፣
ከመሐል እስከ ጠርዙ ቀለሙ በብርድ ታንቋል።
«ሃ!» ብዬ ተነፈስኩበት። እምቢ አለ። ደገምኩት።
«ስጪኝ» አለ እጁን ዘርግቶ።
ማኅተም ለደንበኛ አይሰጥም፤ ደንብ ነው።
ሰጠሁት።
በሁለት መዳፉ መሐል አስቀምጦ አሸው፣
ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ፣ ከስንት ክር የተረፈው፤
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣ የጋን ሙቀት እንደሚለካ።
ከዚያ መታሁት፦ ግማሹ ደማቅ፣ ግማሹ ፈዛዛ፣
ቢሆንም ይነበባል።

«ቀጥሎ!» አልኩ።
አቶ ወንድይፍራው ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳርፎ፣
«ይኸውልሽ፣ ዕዳውን ሳትነግሪን ሰውየው ሄደ» አለኝ።