ትርጉም በሽልንግ

ያኔ ነው፣ ከተማው ናዝሬት ሲባል ገና፣
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ካቧራው ጎዳና፣
ሸምሱ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣
ወንበሩ የቢራ ሳጥን፣ መስኮቱ በጆንያ ታጥሮ፣
መግቢያው አንድ ሽልንግ፤
ትርጉም ለሚፈልግ ሌላ ሽልንግ ጨምሮ።

አስተርጓሚው እኔ።
እንግሊዝኛዬ ከሰባተኛ ክፍል ያላለፈ፤
ያልገባኝን ከራሴ ስሞላ፣
ስንቱ የናዝሬት ስድብ በባዕድ ከንፈር ተንሳፈፈ!
መጀመሪያ ላይ ብቻ፣ በጥቁር ላይ በነጭ የምትመጣውን፣
«እውነተኛ ታሪክ ነው» የምትለዋን መስመር፣
እሷን ሳልሳሳት አነባለሁ፤ ከሷ ወዲያ ያለው
የኔና የእግዜር ነገር።

የቤቱ ተወዳጅ ወሮበላ ነበር፤
ባርኔጣ የደፋ፣ በጨለማ መንገድ በዝናብ የሚበር፣
ሲተኩስ ከረባቱ የማይንሻፈፍ፣
የገደለውን ሊቀብር አበባ ይዞ ከፊት የሚሰለፍ።
ልጆቹ ሲወጡ ሁሉም እሱን ናቸው፤
በዚያ በናዝሬት ሙቀት ካፖርት አማራቸው።
የሳሙና ነጋዴው ልጅ፣ ረመቶ፣
በወንጂ ሸንኮራ ሲተኩስ ያመሻል፤
ማታ ጠመንጃውን ልጦ በልቶት ይተኛል።

ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አንድ ሰው ነበረ፤
አንድም ፊልም ያልቀረ፣
ሲስቅ ያልታየ፣ ቃል ያልተነፈሰ፣
ሌላው ሲያጨበጭብ እጁን የሰበሰበ፣ ደረቱን ያለበሰ።
ቦጋለ ሽቦ ይሉታል፤ በቁሙ ግን ማንም ሽቦ ብሎ አይጠራው።
ከድሬ ጨርቅ፣ ከጅቡቲ ሬዲዮ ጭኖ የመጣ ባቡር
ማኅተሙ እንዳለ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ይገባል ለገሃር።
«ሰው ገድሏል» ይባላል።
ማንን? ብሎ ጠይቆ ያደረ የለም፤
ለፊልሙ ነፍሰ ገዳይ እናፏጫለን፣
ቦጋለን ግን ቀና ብለን አናይም።
ጫማው ኮንጎ፤ ኮቱ ክርኑ ላይ ያለቀ፤
ባምስት ሳንቲም ሲሟገት ስንቴ የጋሪ ፈረስ ሳቀ።

አንድ የሰኔ ሌሊት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመልሶ፣
ፊልሙ ማለቂያው ደረሰ፤ ባለባርኔጣው በጥይት ሲከበብ።
ድልድይ ላይ ወደቀ። ባርኔጣው ወንዝ ገባ።
አንዲት ሴት እየጮኸች አንድ ነገር አለች፤ ለኔ አልገባኝም።
ያኔ ከኋላ፣
ዝገት እንደያዘው በር እየተንቋቋ፣
«አንተ ልጅ፣ ምን አለች?»

ቤቱ በሙሉ ዞረ።
ፊቱ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ሰማያዊ ሆኗል፤
ጉልበቱን በሁለት እጁ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሕመምተኛ ይዟል።
ሞተ ልለው ነበር።
አፌ ግን፣ ሽልንግ የለመደ አፌ፣
«አልሞተም ትላለች፤ የወደቀው ሌላ ሰው ነው።
እሱማ ተሻግሯል፤ እህቱ ዘንድ ሄዷል።»
ሬሳው እዚያው እየታየ ነው።
ረመቶ እንኳ ትንፍሽ አላለም።
«ይሻላል» አለ ቦጋለ፤ ተነሣ፤
ከጆንያው መጋረጃ ማዶ ዝናቡ ዋጠው።

በነሐሴ፣ አንድ ማለዳ፣ የሸንኮራ ጫኞች
ከሀዲዱ ዳር አገኙት፤ ከሁለት ፉርጎ መሀል የወደቀ፤
ጥይት የለ፣ ሙዚቃ የለ፤
አንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣ ጠጠሩ ላይ የደረቀ።
ፖሊሱ ኪሱን ፈትሾ ጻፈ፦ «ሽቦ፣ አንድ።»

በሳልስቱ እህቱ ከአሰላ መጣች።
ለካ እህት ነበረችው!
«ሲሞት ምን አለ?» ብላ ሰፈሩን ስትዞር
አንዱ ክፉ፣ ወይም አንዱ ደግ፣
«አስተርጓሚ አለ» ብሎ ወደኔ ላካት።
ከቢራው ሳጥን ላይ አስቀመጥኳት።
ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ዝንብ መስታወቱ ላይ ይሄዳል።
ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፣
ላብ የጠጣ ሽልንግ መዳፌ ላይ አኖረች።

ተቀበልኳት።
ያልተከፈለበትን ትርጉም ማን ያምናል?