«…ሊያ»

ጋሽ ይመር ሲያርፉ፣ ልጆቹ ሲካፈሉ፣
መሮውን ወሰዱ፤ «መላጊያም አለ» ሲሉ
እሱንም ወሰዱ። ለእኔ የቀረልኝ
መጋዙ ነበረ፤ «ዝጓል፣ ይሁን» አሉኝ።

ሸዋ በር ቁልቁለት፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ሃያ ዓመት በእጃቸው ጣውላ ሲበላ
አይቼዋለሁ እኔ። አገሩን ማን ጠይቆ?
ሰው ጥርሱን ሞርዶ ያድራል፣ ሥራውን ብቻ አውቆ።

አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣
አመድና ሎሚ፣ ጥቂትም ነጭ ጋዝ
ይዤ ተቀመጥኩ። ዝገቱ
እንደ አተላ ወረደ ስፈትገው፤
ከሥሩ ጽሕፈት ነው! እንዳልደመስሰው
ቀስ አልኩ፣ የሕፃን ዓይን እንደሚጠርግ ሰው።
ግማሹ ተበልቷል። የቀረው ከጫፉ
ሦስት የፈረንጅ ፊደል፤ «…ሊያ» ይላል ጽሑፉ።

እንድሪስ ብረት ሻጩ መነጽሩን ሰክቶ
«ኢጣሊያ ነው፣ ምን ይጠየቃል!» አለ ፊቱ በርቶ፤
«መንገዱን የጠረጉት፣ ድልድዩን የጣሉት፣
ይህንንም እነሱ ናቸው ሲሄዱ የተዉት።»
ሙሄ ሊስትሮው ሳቀ፦ «ሊያማ የሴት ስም ናት፤
ባለመጋዙ ወዶ፣ ማግኘት ቢያቅተው ጻፋት።»

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ወረቀት ደርቤ፣
በከሰል ስዳብስ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣
ከ«ሊያ» ፊት አንድ «ኤ»፣ ከ«ኤ»ውም ወደ ግራ
ያጋደለ እግር አየሁ፤ የ«ቲ» አይደል፣ የ«አር» ሥራ።
«ቲ» በአንድ እግሩ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው፤
ይሄ እግሩን ሰዷል፣ መንገድ እንዳለበት ሰው።

ደግሞም እጀታው ላይ፣ ከነሐሱ ቁልፍ፣
ጅራቱን ተደግፎ፣
ጥንቸል እንዳትለው ትልቅ፣ አይጥ እንዳትለው ግዙፍ፣
አንድ አውሬ ቆሟል።

መምህርት ራውዳ ካርታውን ዘረጋች፤
ባሕሩን በጣቷ ተሻግራ ተጓዘች፣
ከታች ከጥግ ደርሳ «አውስትራሊያ» አለች።
«ካንጋሮ ነው ይሄ፣ ልጁን በሆዱ ኪስ ይዞ የሚዘለው።
ባሕር ዛፋችሁም ዘሩ ከዚያው ነው።»

ከዚያው!
ወጥቼ ጦሳን ቀና ብዬ አየሁት፦
ጀርባው ባሕር ዛፍ ነው፣ እስከ ደመናው ድረስ የደረደሩት።
ስሙ ሲነግረን ኖሯል፦ የባሕር ማዶ ዛፍ፤
እኛ ስንጠራው ኖርን፣ ቃሉን ሳናደምጥ፣ በአፍ።

ሃያ ዓመት ጋሽ ይመር፣ ለአልጋ፣ ለማገር፣
የአገር ልጅን በአገር ልጅ ሲያስቆርጡ ነበር።
ለዚህ ይሆን እንጃ፣
በጽድ የሚያንገራግር፣ በዋንዛ የሚነክስ፣
ባሕር ዛፍ ሲያገኝ ግን ሳይገፉት የሚፈስ?

የሠራውን ሰው ስም ዝገት ወስዶታል፤
ማን እንዳመጣውም የጋሽ ይመር አፈር ያውቀዋል።
ከእጀታው አራት ቁልፍ አንዱ ቢጠፋባቸው
ሚስማር ቆልምመዋል በገዛ እጃቸው፤
የደሴ ሚስማር ነው፣ ያውም ከጣራ የተነቀለ፣ ጠማማ።
(እንድሪስ አሁንም «ኢጣሊያ ነው» ይላል፣ ቢሰማም ባይሰማ።)

ዘይት ቀብቼ ሰቀልኩት። ነገ አልጋ ታዟል፤
ባሕር ዛፍ፣ አራት እግር።
ይነጋገሩ እንግዲህ፤
እኔ ምን አገባኝ በአገር ልጆች ነገር።