አንዴ የሚሞት ሰው

ካቶቪትሴ ከተማ፣ ከተዘጋው የከሰል ጉድጓድ ማዶ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱን ሲደበድበው በረዶ፣
ማሞቂያው እያስነጠሰ፣ ሻዬ ከጎኔ እየቀዘቀዘ፣
አንድ ሰው ልገድል ስል፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እጄ ደነዘዘ።

አስር አለቃ ዶብሮሚር።
በጥይት አልገደልሁትም፤ ጥይትማ ርካሽ ነው፣
ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጨዋታው ያው እሱ ነው።
በዝምታ ነው የገደልሁት፤
ድልድዩ ከሥሩ ሲናድ፣ ጓንቱን አውልቆ ለምርኮኛው አጥልቆለት፣
አንዲት ቃል ሊናገር ከንፈሩን ከፍቶ፣ መልሶ ሲከድንበት።
ያቺን ያልተባለች ቃል
አሥራ ሰባት ጊዜ ጻፍኋት፣
አሥራ ሰባት ጊዜ ሰረዝኋት።

ሌሼክ መጣ፣ የገንዘቡ ሰው፣ የአንገት ልብሱን ሳይፈታ፤
«ግሩም ነው ቦግና፤ እኔ ራሴ አልቅሻለሁ ትናንት ማታ።
ግን ስምንት ሰዓት ብቻ ነው፤
ሰው ይጨርሰዋል፣ ያለቅሳል፣ ሰኞ ወስዶ ይሸጠዋል።
የጋራ መታኮሻ ይጨመርበት፤ ስምንት ለስምንት፣ በኢንተርኔት፣
ያኔ ዓመት ይከርማል ከቤት።»
«ዶብሮሚር እኮ ሞቷል» አልሁት።
«እዚያ አይሞትም» አለኝ። ከዚያ አሰብ አድርጎ፣
«ማለቴ፣ ይሞታል፤ ግን በአራት ሰከንድ ይነሳል።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! አልሁ፤ በልቤ ነው ታዲያ፣
ደመወዝ የሚፈርመውን ሰው ማን ይሞግታል እዚያ?
አራት ልጆች ወሰደብኝ፣ እጃቸው እሳት የሆኑ።
ምዕራፍ ስድስት ተቆረጠ፣
የምርኮኛው እናት ልጇን ፍለጋ በባቡር የምትመጣበት።
ባቡሩ እስካሁን አንድ ፋይል ውስጥ ቆሟል፣ መንኮራኩር ሳይገጠምለት።

በወጣ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ስሜን ደብቄ ገባሁ።
አሥራ ስድስት ሰው፣ ሁሉም ዶብሮሚርን ለብሶ፣
ዶብሮሚር ዶብሮሚርን አሳዶ፣ ዶብሮሚር በዶብሮሚር ላይ ተኩሶ፤
አንዱማ በገንዘብ የገዛውን ወርቃማ ካፖርት ደርቦ
ከወደቀው ሬሳ በላይ ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ ይላል።
ለአንድ ሞት አንድ ለቅሶ ይበቃዋል፤
በሰዓት አርባ ጊዜ ለሚሞት ግን ማን እንባ ይተርፈዋል?
እኔንም መቱኝ። በአራት ሰከንድ ተነሳሁ።
እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሳቅሁ።

ከሥሬ ካለው ፎቅ ያለው ካዬታን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤
አባቱ ስታቫንገር ወደብ ላይ የመርከብ ብረት በያጅ ነው።
እሑድ እሑድ ማታ ይገባሉ፣ አባትና ልጅ።
አይታኮሱም።
ድልድዩ መሐል ቁጢጥ ይላሉ፣ መሣሪያቸውን ወደ ውሃው አዘንብለው፤
ያው የኔ ድልድይ፣ እዚያኛው ክፍል ውስጥ ግን የማይፈርሰው።
«የሒሳብ ፈተናው እንዴት ሆነ?» ይላል አባት።
ልጁ መልሱን ሳይጨርስ፣ አንድ እንግዳ መጥቶ ሁለቱንም ይገድላቸዋል።
በአራት ሰከንድ ተነስተው፣ ወሬያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

«ታሪኩንስ ጨረስኸው?» አልሁት አንድ ቀን።
«መጨረሻው ያሳዝናል አሉኝ» አለ፤ «አልጀመርሁትም።»

ታሪኩ ያስፈልገዋል ወይ? ብትሉኝ፣
አያስፈልገውም፤ ትናንትም ብያለሁ፣ ነገም እላለሁ፤
ባቡሬን ያለ መንኮራኩር ያስቀረው እሱ ነው፤ ዋጋውን አውቃለሁ።
እሑድ ማታ ግን፣ ከወለሉ ሥር ሳቅ ሲመጣ፣
መጻፌን አቆማለሁ።

ትናንት ከሌሼክ መልእክት ደረሰኝ፤
«በቀን አሥራ አንድ ሰው ነው የቀረው። ሰርቨሩ በመስከረም ይዘጋል።»
ታሪኩ ሲዲው ላይ ይቀራል፤
ከፍቶ ላየው ሁሉ ዶብሮሚር አንዴ፣ አንዴ ብቻ ይሞታል።

ዛሬ ካዬታን ቆሻሻ ሊደፋ ሲወርድ ተገናኘን።
«እሑድ ይምጡ» አለኝ፤ «ድልድዩ ላይ ቦታ አለ።»
አንዲት ቃል ልል ከንፈሬን ከፈትሁ።
የደረጃው መብራት፣ እንደ ልማዱ፣
በራሱ ሰዓት ጠፋ።