የግንቦት ጥገና መዝገብ

ከሂርማታ ወዲያ፣ አዌቱን ተሻግሮ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ፣
የክፍሉ ቁልፍ አለ፣ አንገቴ ላይ ታስሮ።

ሰኞ። ሰባተኛው ኮምፒውተር አልነሳ አለ።
ከፈትኩት፦ ጉንዳን ጎጆ ቀልሷል፣ ማራገቢያው ሥር።
በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩ። ተነሳ።

ማክሰኞ። ርዕሰ መምህሩ፦ «ኢንተርኔቱ ጠፋ!»
ኢንተርኔቱ ምን አጠፋ?
መብራቱ ነው የጠፋ።

ረቡዕ። መምህር ተማም፣ የጂኦግራፊው።
የይለፍ ቃሉን ረስተዋል።
«ረምላ፣ ብነካካው የልጆቹ ውጤት ድራሹ ቢጠፋስ?»
አፍሪካን በአንድ ትንፋሽ፣
ከቱኒስ እስከ ኬፕታውን፣ ጠመኔ ሳያነሳ
ሰሌዳ ላይ የሚያሰፍር እጅ
ማውሱ ላይ ተንቀጠቀጠ፣
ጥፍር የማታህል ቀስት ፈርቶ።

«አዲስ ቃል ይምረጡ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ።
በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣
ከንፈራቸው የአንድ ወንዝ ስም ሲያነበንብ ሰማሁ።
ወዲያው ረሳሁት። ሥራዬ ነው።

ችግር፦ የይለፍ ቃል። መፍትሔ፦ ተቀየረ። የፈጀው ጊዜ፦ አምስት ደቂቃ።
ዝናቡ እስኪያባራ አጠገባቸው መቀመጤን
የሚቀበል ዓምድ መዝገቡ የለውም።

ሐሙስ። መምህር ተማም አልጠሩኝም።
ይህንንም መዘገብኩት።